መሃል የማይወድ ወፍጮ

ሲቀላ መናኸሪያ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ፋንታዬ፣

ሰላምታዬን በኋላ አመጣዋለሁ። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ወፍጮው እየሠራ ከሆነ ማንበብሽን ተዪና ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አስወጪ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን፣ እህል የምትሰፍረውን ሸዋነሽን፣ ከዚያ ራስሽን። ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ በግድግዳው ጀርባ ዙሪና ነዳጁን ዝጊ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ፤ መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ነዳጅ። ከዘጋሽም በኋላ ድንጋዩ ጨርሶ እስኪቆም ማንም አይግባ። ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ። ያኔ ደጅ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ከዚያ እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

ለሹፌሩ ለደግነት በቃልም ነግሬዋለሁ። ግን አውቅሻለሁ፣ «ጢሞ ሳይል አንዲት ቡሎን አትነካም» ብለሽ ትመልሺዋለሽ። የእጄን ጽሑፍ ካላየሽ አታምኚም ብዬ ነው ወረቀት ፍለጋ የገባሁት። ስልክሽ ማክሰኞ መብራት ከጠፋ ወዲህ ዝግ ነው። የሸዋነሽም ያው ነው። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ብነግርሽ ደግ ልጅ መስዬ እንዳልታይሽ እፈራለሁ፤ ደግ ልጅ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞውኑ በመጣ ነበር።

የካቲት ላይ ለእረፍት ስመጣ እንዴት ተኮፍሼ እንደነበር ታስታውሻለሽ? አራተኛ ዓመት ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ! ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ዱቄት ለብሼ ያደግኩበትን ቤት እንደ እንግዳ እየዞርኩ አየሁት። የንዝረትን ትምህርት፣ እኛ ቫይብሬሽን የምንለውን፣ ገና አልጀመርነውም ነበር። ከአንድ ተመራቂ ደብተር ተውሼ ሁለት ምዕራፍ አንብቤ ነበር። ሰው ለማጥፋት ሁለት ምዕራፍ ይበቃል።

ያንቺን ወግ የነካሁት እኔ ነኝ፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ወፍጮው ሲነሳ ሰው ሁሉ እህሉን ትቶ ደጅ ይወጣ ነበር። አንቺ በሩ ጋ ቆመሽ መዳፍሽን ግድግዳው ላይ ትለጥፊያለሽ። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ቤቱን ከነጣራው ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ በድንገት ይረጋል። «አለፈ» ትያለሽ፣ ያኔ ሰው ይገባል። ሲጠፋም እንዲሁ። ባለቤትሽ ጋሼ ይበልጣል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወፍጮውን ሲተክል ጀምሮ እንዲህ ነበር። «ይኸ ወፍጮ መሃል አይወድም» ይል ነበር በዚያ በጎጃም አነጋገሩ፣ «ወይ ይቁም፣ ወይ ይሩጥ።» ከሞተም በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላጓደልሽም።

እኔ ሳቅኩ። ሰው በተሰበሰበበት «እትዬ፣ ይኼ ጋኔን አይደለም፣ ፊዚክስ ነው» አልኩሽ። ሞተሩ ሲነሳ እጄን አጣጥፌ ከድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። ጣራው ሲንኳኳ እንደፈራሁ አልነገርኩሽም። ሲረጋ ወጥቼ ፈገግ አልኩ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ያዩኝ ነበር።

ከዚያ ስልኬን በፕላስተር የወፍጮው እግር ላይ ለጠፍኩት። መንቀጥቀጥ የሚለካ መተግበሪያ አለ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲዘል አቶ ካሱ በቆሎአቸውን አስቀምጠው ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ስልኩ ምን አለ? ታሟል አለ?»

«ይሮጣል አባቴ። ከሚገባው በላይ ይሮጣል» አልኳቸው።

ያልኩት ከደብተሩ ነው። የሚዞር ነገር ሚዛኑ ትንሽ ከጎደለ፣ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እጥፍ ድርብ እየሆነ ያድጋል ይላል። ድንጋዩ ደግሞ በተወቀረ ቁጥር ሚዛኑ ይጎድላል። ስለዚህ ቀስ ቢል ይሻለዋል አልኩ። ልክ መሰለኝ። ሲቀላ ወርጄ ለድንጋዩ ከድሮው በአንድ መዳፍ የሚሰፋ ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር፣ አምጥቼ ገጠምኩልሽ፣ ቺንጋውንም ቀየርን። ቀኑ ገበያ ስላልነበር ባዶውን አስነሳነው። አልፎ ሲረጋ ድምፁ ዝቅ አለ፣ ሁላችሁም ደስ አላችሁ። ስልኩ ግን መንቀጥቀጡ በትንሹ እንደጨመረ አሳይቶኝ ነበር። አይቼዋለሁ፣ እትዬ። አዲስ ፑሊ ስለሆነ ይሆናል፣ ሲለምድ ይተወዋል ብዬ ቁጥሩን አጠፋሁት።

አንቺ ደግሞ እልል አልሽ። በገበያው ቀን ክንዴን ይዘሽ ለገበያተኛው ሁሉ «የተማረ ይግደለኝ!» አልሽ። ሰው የሚለው ነው፣ አንቺም ስትኮሪ ያልሽው ነው። ይህን ሳምንት ግን ሰሌዳ ላይ ሳፈጥ፣ ምግብ ቤት ስሰለፍ፣ በጆሮዬ ያለችው ያቺ ቃል ናት።

አግዳሚውንም ያሠራሁት እኔ ነኝ። «ሰው በዝናብ ደጅ ከሚቆም ውስጥ ይቀመጥ» አልኩ። አናጢው ኤፍሬም በግማሽ ቀን ሠራው፣ ከድንጋዩ አንድ ክንድ ተኩል ራቅ አድርገን ግድግዳው ሥር አስቀመጥነው። ነዳጅ መዝጊያውንም ወደ ውስጥ እናምጣው ብዬሽ ነበር፣ ዙረት ይቀንስልሻል ብዬ። እሱን ብቻ እምቢ አልሽኝ። «ይበልጣል ያስቀመጠውን አላነሳም» አልሽ። አኮረፍኩ። አሁን አንዲት የቀረችኝ ተስፋ ያቺ እምቢታሽ ናት።

ሰኞ ሸዋነሽ ደወለችልኝ። «ጢሞ፣ ወፍጮው በቆሎ ሲሞላበት ይዘፍናል» አለች እየሳቀች። «የቡሎኑ ዳዶ በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ወለቀ፣ እትዬ ጨርቅ ጠምጥማ አጠበቀችው።» እኔ ያልኳት «በደንብ አጥብቁት» ነው። ሌላ ምንም አላልኩም። ለምሳ እየተጣደፍኩ ነበር።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ መምህር ጌዲዮን ቤተ ሙከራ አስገቡን። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ድምፃቸውን ለመስማት ሁላችንም የምንጠጋቸው ሰው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ በቀጭን ዘንግ የሚዞር የብረት ሳህን አለ። ፍጥነቱን ቀስ እያሉ ጨመሩ። አጉረመረመ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ የሻይ ብርጭቋቸው እየተንፏቀቀች ሄዳ ከጫፍ ላይ ወደቀች። ከዚያ በድንገት ፀጥ። ሳህኑ እየበረረ ነው፣ ጠረጴዛው ግን ዝም ብሏል። «አለፈ» አልኩ ሳላስበው። ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ።

ነገሩ ይኸውልሽ። ማንኛውም ነገር ነካ ቢያደርጉት የሚወዛወዝበት የራሱ ምት አለው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ አስቀምጠሽ በምቱ ከገፋሽው በአንድ ጣት ከፍ ይላል። ያለ ምቱ በሁለት እጅ ብትገፊውም አይሄድልሽም። ወፍጮሽም ከተተከለበት ግንድ ጋር የራሱ ምት አለው፣ ድንጋዩ ደግሞ በዞረ ቁጥር ይገፋዋል። ቀስ ሲል አይገናኙም፣ ሲሮጥም አይገናኙም። መሃል ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ከቆየ መንቀጥቀጡ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ዳዶውን፣ ቀጥሎ ዘንጉን የያዘውን ኩሽኔታ፣ መጨረሻ ድንጋዩን ይፈታዋል። ጋሼ ይበልጣል ይህን ያለ አንድ ቀመር ያውቀው ነበር። ሰውን ደጅ ያስወጣው፣ መዝጊያውንም ከግድግዳ ጀርባ ያደረገው ለዚህ ነው።

መምህሩ ቀጥለው አንድ ቁራጭ እንጨት አንስተው ከሚዞረው ሳህን ጠርዝ ጋር አስነኩት። «ይህ ሥራ ነው» አሉ። «ማሽን ባዶውን አይኖርም።» ሳህኑ ደከመው፣ ፍጥነቱ ወረደ፣ ወርዶ ወርዶ መሃሉ ላይ ተቀመጠ። ጠረጴዛው መጮህ ጀመረ። እኔ ያየሁት ጠረጴዛውን አይደለም፤ ያንቺን በር፣ አግዳሚውን፣ የተቀመጡትን ሴቶች ጉልበት ነው ያየሁት። በድሮው ፑሊ ሞተሩ ቢደክመው እንኳ መሃሉ ድረስ አይወርድም ነበር። ጋሼ ይበልጣል ርቀት ሰጥቶት ነበር። ያንን ርቀት የበላሁት እኔ ነኝ። አሁን ባዶውን ሲሆን ለጥቂት ያመልጣል፤ በቆሎ ሲሞላበት ግን ቀጥታ መሃሉ ላይ ይወድቃል፣ እዚያው ሆኖም ይፈጫል። ሸዋነሽ ይዘፍናል ያለችኝ እሱን ነው።

ሁሉም ሲወጣ ቀረሁ። የአንድ ወፍጮ ፑሊ ቢቀየር ብዬ ጠየቅኳቸው። ቁጥር ይጠይቁኛል ብዬ ደብተሬን ገልጬ ነበር። እሳቸው ደብተሩን አላዩትም።

«አጠገቡ ሰው ይኖራል?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። አለ ብል ማን እንዳስቀመጣቸው ሊጠይቁኝ ነው። አፈርኩ። «እንግዲያው አይቸኩልህም፣ ከፈተናው በኋላ ሄደህ መልስለት» አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርገውም ሄዱ። አንድ ቃል ነው የዋሸሁት፣ ግን እሷን ይዤ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ደወልኩ፣ አልሠራም። ነገ ይሠራል አልኩ። ረቡዕ በመኪና ብነሳ ማታውን እደርስ ነበር። ዓርብ ፈተና አለ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ከፈለግሽ ፈተናው ሰበብ ነበር፣ የፈራሁት ያንቺን ፊት ነው። ገበያተኛው ፊት የካብሽኝን ያህል ገበያተኛው ፊት መፍረስ አቃተኝ።

የትናንቱን ፈተና ልንገርሽ? ሦስተኛው ጥያቄ ስለ አንድ ማሽን ነበር፤ ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ወርዶ ከራሱ ምት ጋር ይገናኛል። በአካባቢው ላሉ ሰዎች ደህንነት ምን ትመክራለህ ይላል። እኔም በጥሩ ጽሑፍ «ሰዎቹ ወዲያውኑ ይውጡ፣ ማሽኑ ይቁም» ብዬ መልሼ ሙሉ ነጥብ የሚያስገኝ ቀመር ሠራሁለት። «ወዲያውኑ» ከሚለው ሥር አሰመርኩበት። እርሳሴን አስቀምጬ ያቺን ቃል አየኋት፣ ደጋግሜ አየኋት። ለፈተና ወረቀት የነገርኩትን ላንቺ አልነገርኩሽም።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ልልክልሽ መናኸሪያ መጣሁ። ልብ በዪ፣ ልልክ ነው የመጣሁት፣ ልመጣ አይደለም። ደግነት ሚኒባሱ እስኪሞላ መሪው ላይ ተደግፎ ነበር። የገረሴን ወሬ ስጠይቀው «አራት ቀን መብራት የለም» አለኝ። «የመብራት ወፍጮዎቹ ሁሉ ቆመዋል። ዛሬ ገበያው እንዳለ እትዬ ፋንታዬ ጋ ነው የሚገባው፣ ያንቺ አክስት ዛሬ ቀናት!»

«ያንተ» ብዬ አላረምኩትም፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ወፍጮሽ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ እንደዛሬ ሞልቶበት አያውቅም። ጥግ ላይ ተቀምጬ ከላይ ያነበብሽውን ስጽፍ ደግነት ቆይቶ መጣና «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከምትጽፊ ለምን አትሄጂም? አንድ ቦታ ቀርቷል» አለኝ።

ገባሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ከዳገቱ ላይ፣ ከምንጩ ጋ ነው። ጽሑፌ ከተበላሸ መንገዱ ነው። መኪናው ስለፈላ ደግነት ራዲያተሩ እስኪበርድ እየጠበቀ ነው። ጭቃ ስለሆነ ቀስ እያልን ነው የመጣነው። ማዶ ገረሴ ይታያል፣ ጣራሽም ይታየኛል። እዚህ ሲደረስ ወፍጮሽ እንደሚሰማ ታውቂያለሽ፤ ጋሼ ይበልጣል ጭስ ማውጫው ላይ የገጠመው ቆርቆሮ ፉጨት። ልጅ ሆኜ ከገበያ ስንመለስ እዚህ ስሰማው ቤት ደረስን ብዬ እግሬ ይቀለኝ ነበር።

እየሠራ ነው።

አጠገቤ አርሴማ የምትባል ሴት አለች፣ አንድ ጆንያ በቆሎ ይዛለች። ፉጨቱን ስትሰማ «እሰይ፣ አልቆመም፣ እንደርሳለን!» አለች። ቀጠለችና «እግዜር ይስጣት ለእትዬ ፋንታዬ። ድሮ ደጅ ነበር የምንቆመው። አሁን አግዳሚ አሠርታልናለች፣ ልጅ ታቅፈንም እንቀመጣለን» አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ ፉጨቱን ለካሁት፤ ያ የካቲት ላይ የተጠቀምኩበት መተግበሪያ ድምፅም ይለካል። ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ እየወፈረ ይወርዳል። ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። እህል መጨመሪያው እየሞላ፣ ሞተሩም እየደከመው ነው ማለት ነው። በየጊዜው ሲወርድ ካለፈው ዝቅ ይላል። ቁጥሩን አሁን አላጠፋሁትም።

በመኪና መንገድ ዞሮ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል ይላል ደግነት፣ ያውም ከበረደ። በእግር ገደሉን ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅብ ለሚሮጥ ሰው ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ በእግር ልሄድ ነው። ወረቀቱን ለደግነት እሰጠዋለሁ፤ እግሬ ከዳኝ ወይ ወንዙ ሞልቶ ከመለሰኝ እሱ ያድርስልሽ። ማን እንደሚቀድም አላውቅም። እኔ ከቀደምኩ ዱቄት እንደለበስሽ ልታቅፊኝ አትምጪ፣ ወዴት ነው፣ ምን ሆነህ ነው አትበዪኝ። ስጮህ ዝም ብለሽ ውጪ። ሰዎቹን አስወጥቼ መዝጊያውን የምዘጋው እኔ ነኝ። ሲጠፋም መሃሉን አልፎ ነው የሚቆመው፤ ያን ጊዜ ማንም ውስጥ አይኑር።

ጋሼ ይበልጣል ስለ ወፍጮው ያለው ለእኔም ሆነ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሳልቆምም ሳልሮጥም መሃል ላይ ነበርኩ።

ገበያተኛው ሁሉ ይስማ፤ የጢሞ ሥራ ስህተት ነው ብለሽ ንገሪያቸው። የድሮው ፑሊ ከጓዳው በር ጀርባ አለ። አግዳሚውን ደጅ አውጪው፣ ዝናብም ይምታው።

ፉጨቱ አሁን ደግሞ ወፈረ። አልተመለሰም።

ሰላምታዬን ያልጻፍኩልሽ ረስቼው አይደለም። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ፣ አንቺም መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አድርገሽ «አለፈ» ስትዪ እሰጥሻለሁ።

መሮጤ ነው፣ እትዬ።

ልጅሽ ጢሞቴዎስ